አባየ የቆሙበት ቦታ

በረንዳዬ ላይ ሬሳ ተደርድሮ አየሁ ብዬ ኡኡ ያልኩባትን ጠዋት ሰፈሬ እስካሁን አልረሳልኝም። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ «ሬሳዎችሽ እንዴት አደሩ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሳቁ፤ እኔም ስቄበታለሁ። ግን ያቺ ጠዋት ባትኖር እኔና አባቴ፣ አባየ፣ ዛሬ ምን ሆነን እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ላሊበላ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሆቴል ነው ብዬ አልዋሽም። ውሃው አንዳንዴ ይመጣል፣ መብራቱ እንደ ፈቀደው ነው፤ በረንዳው ግን በረንዳ ነው! እዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ቆላው ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል። እንግዳ የጠፋባቸው ክፉ ዓመታት አልፈው ሰው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ በኅዳር፣ የገና ጾም ሊገባ ሲል፣ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ደወለችልኝ። ዮጋ አስተማሪ ነኝ፣ የማስተምራቸውን ሴቶች ይዤ ልመጣ ነው፣ እነሱ ሲመለሱ እኔ እስከ ገና እቆያለሁ፣ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን በረንዳዎን ነው አለችኝ። ዮጋን በቴሌቪዥን ከማየት በቀር አላውቀውም፤ እግር ከማጅራት ጀርባ የሚቋጠርበት ነገር ይመስለኝ ነበር። «በረንዳው እንኳን ለዮጋ ለሠርግም ይበቃል፤ ብቻ ነይ» አልኳት።

መጡ። ማታውን ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ከሰል አቀጣጥዬ ሰጠኋቸው፤ ሳትተኙ በፊት ወደ ውጭ አውጡት ብዬም አስጠነቀቅኩ። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ሻይ በትሪ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። እዚያው ቀጥ አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው በነጭ ጋቢ ተሸፍነው በረድፍ ተኝተዋል። ንቅንቅ የሚል የለም። በኛ አገር ሰው እንደዚያ ተሸፍኖ የሚተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ከሰሉ ፈጃቸው!» አልኩ በልቤ። ታዲያ ክፍላቸው ውስጥ የሞቱትን ማን ገንዞ በረንዳ ላይ አወጣቸው ብዬ ለማሰብ እንኳ ፋታ አላገኘሁም። ትሪው ከነብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። «ኡኡ! ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ልጅ አለቀ!» የኔ ጉሮሮ ደግሞ ከተከፈተ የሚሰማው እስከ ገነተ ማርያም ነው። ጎረቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ እያለቀሰች ደረሰች። ከኋላዋ ወንዶቹ። በረንዳው ሲሞላ ሬሳዎቹ ባንዴ ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«በስመ አብ ወወልድ!» ብላ ጎረቤቴ ወደ ኋላዋ ተዘረረች፤ ሰው ባይዛት ኖሮ የእውነት ሬሳ ይገኝ ነበር።

አባየ ከሁሉ ኋላ መጡ። ጥምጣማቸውን በወጉ ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፍትሐት ሊደግሙ ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ሬሳው የታለ?» አሉ።

«ሬሳዎቹ ሻይ ይፈልጋሉ አባየ» አልኳቸው።

የተሰባበሩትን ብርጭቆዎች አዩ፣ እኔንም አዩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ በቀስታ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺን ተረት ለሌላ ሰው ሲተርቱባት ሰምቼ አላውቅም፤ ለኔ የተተወች ናት።

አስተማሪዋ ልጅ በኀፍረት ሞታ ነበር፤ አሁን ሞት ማለት እንኳ ፈራሁ። ትምህርቱ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እንደ ሬሳ መተኛት አለበት አለች፤ ሰውነትም ሐሳብም እንዲያርፍ ነው፤ ጋቢው ለብርዱ ነበር። ጎረቤቴ ትንፋሿ ሲመለስላት «ሟርት ነው! ሳይሞቱ ሞትን መጥራት ምን አመጣው? ይኼ የባዕድ አምልኮ ነው» ብላ ልትቀጥል ስትል አባየ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «መነኩሴም ቆቡን ከመድፋቱ በፊት እንደ ሬሳ ተሸፍኖ ይተኛል፤ ግንዘት ይደገምበታል። ይኼ ለኛ እንግዳ አይደለም።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ልጀ፣ እንዲያ ስትተኙ ማንን ነው የምትጠሩት?»

«ማንንም አልጠራም አባ» አለች። «ትንፋሼን ብቻ ነው የማየው።»

«እንግዲያስ ትንፋሹን የሰጠሽን እንዳትረሽ» አሉና መቋሚያቸውን እየተደገፉ ወረዱ። ሰፈሩም እየሳቀ ተበተነ። የዚያን ቀን ፍርድ እንዲህ አለቀ።

አባየ ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ናቸው። ገነተ ማርያም ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለትምህርት ላሊበላ መጥተው፣ እዚሁ ያረጁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ባለችው ጎጆ ይኖራሉ። በዝማሬ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ከሁሉ የሚበልጥባቸው ግን የገና ጠዋት ነው። የቤተ ማርያም ግቢ ከዓለት ተፈልፍሎ የወረደ ስለሆነ ዙሪያውን የቀረው ዓለት እንደ ግንብ ቆሟል። በገና ጠዋት ካህናቱ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ወገን ከላይ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ይሰለፋል፤ ሌላው ታች ግቢው ውስጥ። የላዮቹ መላእክት ናቸው፣ የታቾቹ ሰዎች። እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ የላዮቹ ከገደሉ ጠርዝ ላይ ሆነው ወዲህና ወዲያ ሲያሸበሽቡ ከታች የሚያይ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። አባየ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ቦታቸው እዚያ ላይ ነው። ጥግ አላቸው፤ ሁሉም የሚያውቀው የአባየ ጥግ።

በዚያው ኅዳር፣ በጽዮን ማርያም ማኅሌት ላይ ዞረባቸው። ከበሮው ሲጋል፣ ሰው ሁሉ ሲወዛወዝ፣ አባየ ወደ ጎን ዘመም አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ካህን ባይደግፏቸው ይወድቁ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የጆሮ ውስጥ ችግር ነው፣ ሚዛን ያስታል አለ፤ መድኃኒት ሰጠ፤ ከፍታ ቦታ ላይ ተጠንቀቁ አለ። ከፍታ ቦታ! እኔ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ዓይኔ ላይ የመጣው የቤተ ማርያም ጠርዝ ነው።

«ዘንድሮ አይወጡም» አልኳቸው ቤት እንደገባን።

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ሰሙኝ አባየ? እኔ በቁሜ እያለሁ እዚያ ላይ አይወጡም!»

«ሰምቻለሁ» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። ይኼን ማንም ያውቃል። የአባየ ዝምታ ደግሞ የቁጣዬ ማገዶ ነው። ቢመልሱልኝ እመልስላቸዋለሁ፣ ቢጮኹ እጮኻለሁ፤ እሳቸው ግን «ዝም አይነቅዝም» ብለው ዳዊት መግለጥ ነው። ያን ሳምንት በር ስዘጋ ግድግዳው ይርገፈገፍ ነበር።

ሴቶቹ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ልጅቱ ብቻዋን ቀረች። አንድ ቀን በር ስወረውር አይታኝ ነው መሰለኝ «እትዬ፣ ነገ ጠዋት ከኔ ጋር አንድ ጊዜ ይሞክሩት» አለችኝ። ለመተኛት ማን ያንሳል ብዬ እሺ አልኩ። መዘርጋቱ፣ መታጠፉ፣ በአንድ እግር መቆሙ ወገቤን ፈታታልኝ፤ ለዚያ አመሰግናታለሁ። ተንጋልዬ ዝም በይ ስትለኝ ግን ጉድ ፈላ። ጆሮዬን በላኝ። የውሃው ጉዳይ ትዝ አለኝ። ድመቷ ወጥ ቤት ገብታለች ወይ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አባየ፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ እንደገና ጆሮዬ። ለካ እኔ ተኝቼም እየሮጥኩ ነው።

«አሁን እንነሳለን» አለች ልጅቱ። እኔ ብድግ!

«እንደዚያ አይደለም» አለችኝ እየሳቀች። «መጀመሪያ በቀኝ ጎንዎ ይዙሩ። እዚያ ትንሽ ይቆዩ። ለምን እንደሚነሱ ይወቁ፤ ከዚያ ይነሱ።»

«ለምን እነሳለሁ? ሽሮዬ ሊገነፍል ስለሆነ ነው የምነሳው!»

«ሽሮ ከሆነም ይነሱ እትዬ። ግን ሽሮ መሆኑን አውቀው ይነሱ።»

ሳቅኩባት። ሰው ሽሮ ሲገነፍልበት ጎኑን ዞሮ ይመራመራል እንዴ? ነገር ግን በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛውም። ለምን እንደሄድኩ ብጠየቅ ለወገቤ ነው የምለው። እውነቱ ግን በዚያ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይዋ ፊቴን ስትነካኝ፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ቆየሁ። ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ደስ አለኝ።

ቁጣዬ ግን አልሞተም። አባየ ለገና ነጭ ልብሳቸውን እንዳጥብላቸው ሲሰጡኝ ደሜ ፈላ። ሊወጡ ነው ማለት ነው! እሳቸውን መለመን ጥቅም እንደሌለው ስላወቅኩ ሌላ መንገድ አሰብኩ። የዝማሬውን ሰልፍ የሚያሰልፉት አለቃ ዘንድ ሄጄ፣ አባቴ ታመዋል፣ ላይ እንዳይወጡ ይከልክሉልኝ ልላቸው ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ቋጠርኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነጠላዬ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ወለቀ።

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ እንጨት የሚያወርዱ ሴቶች የሚያርፉበት ድንጋይ አለ። ትንፋሼ ሲቆራረጥ እዚያ ተቀመጥኩ። ልነሳ ስል የልጅቱ ነገር ትዝ አለኝ። ለምን እንደምነሳ ልወቅ። እንዲያው በማላገጥ ነበር የጀመርኩት። ለምንድን ነው የምነሳው? አባየ እንዳይወድቁ። መልካም፤ ልሂድ። አይ፣ ትንሽ ልቆይ። ለምንድን ነው? ስለምፈራ። ምን ፈርቼ? ብቻዬን መቅረትን። እናቴን ቀብሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ያቺ ባዶ ጎጆ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ማየትን ነው የፈራሁት። ይኼ የኔ ፍርሃት ነው እንጂ የአባየ በሽታ አይደለም።

ከዚያ አለቃው ዘንድ ብደርስ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። አለቃው ደግ ሰው ናቸው፤ እሺ ይሉኛል። በሰልፉ ቀን፣ በጉባኤው ፊት፣ «መሪጌታ፣ እርስዎ ዘንድሮ ይቅሩ፣ ልጅዎ ነግራናለች» ይሏቸዋል። አባየ እሺ ብለው ይመለሳሉ፤ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር የሚኖሩት ዝምታ ግን የድሮው ዝምታ አይሆንም። ያን ሳስበው እንባዬ መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙበትን ቦታ ሌላ ሰው ከሚነጥቃቸው ቢወድቁ ይሻላቸዋል ብዬ አይደለም፤ ጌታ ይጠብቃቸው እንጂ። ብቻ የሚለቁት ከሆነ እሳቸው ናቸው መልቀቅ ያለባቸው። ተነሳሁ፤ ለምን እንደምነሳ እያወቅኩ ተነሳሁ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አባየ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወረቀቱን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

«አለቃው ዘንድ ልሄድ ነበር» አልኳቸው። «ላስከለክልዎት።»

«እና?»

«ተመለስኩ። የርስዎ ጉዳይ ነው አባየ። እኔ ፈራሁ እንጂ ሌላ ምንም የለኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከኔ አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አነሱ። አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡና «በረንዳው ላይ የምትቆሚውን አቋቋም እስቲ አሳይኝ» አሉ።

«የቱን?»

«በአንድ እግርሽ የምትቆሚውን። ያችን ልጅ አፍራታለሁ፤ አንች ነሽ የምታሳይኝ።»

ከጓሮ፣ ገብስ የምናሰጣበት ሜዳ ድንጋይ አለ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ጀመርን። በአንድ እግር የማይሆን ነገር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት እግርም በቃቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን መቋሚያው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መቆም ብቻ። እኔ ከኋላቸው እጄን ዘርግቼ እዞራለሁ። «ሂጅ ከዚያ፣ ዶሮ የምትይዥ መሰልሽ እኮ» ይሉኛል። ልጅቱ በረንዳው ላይ ሆና ቁልቁል ታየናለች፤ አንዳንዴ «አባ፣ ትንፋሽዎን አይያዙት» ትላለች ከሩቅ። እሳቸውም ያልሰሙ መስለው ትንፋሻቸውን ይለቁታል።

ጎረቤቴ ይኼን አይታ «ልጅቱ መተት አድርጋባችኋለች፤ አንች መጮህ ተውሽ፣ መሪጌታው በአንድ እግር መቆም ጀመሩ» አለችኝ። መተት ከሆነ ላንችም ያድርግብሽ አልኳት። እውነት ነው፤ ያን ወር ብርጭቆ አልተሰበረም።

አባየ እየጸኑ ሄዱ። ከመድኃኒቱም ይሁን ከመቆሙ እኔ አላውቅም፤ ሁለቱንም የሰጠ ይመስገን። ገና ሲቃረብ አንድ እግራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ መቋሚያውን በጣታቸው ብቻ ነክተው ይቆሙ ነበር። ሲሳካላቸው እንደ ልጅ ይስቃሉ። «ዕድሜ ልኬን ለሰው አቋቋም አስተማርኩ፣ ዛሬ ገና መቆም እየለመድኩ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ እፈራለሁ። የሚጸኑት ለመውጣት ከሆነስ? በገዛ እጄ ነው እኮ የማጸናቸው!

አንድ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ሳለ በድንገት ተናገሩ።

«ዝም ብዬ ስቆም ከውስጤ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ሰው ምን ይላል። ወጥቼ ባያየኝ ሰው ምን ይላል፣ መሪጌታው አለቀለት ይላል። ብወጣና ቢዞርብኝ ሰው ምን ይላል፣ ሽማግሌው አቅሙን አያውቅም ይላል። ያም ሰው፣ ያም ሰው። የኔ የቱ ነው ልጀ?»

ምላሴን ነከስኩት። የሚወጣው ነገር «አይውጡ!» ነበርና። ትንፋሼን አየሁ። ሲገባ፣ ሲወጣ። «እንጃ አባየ» አልኩ በመጨረሻ።

«እኔም እንጃ» አሉ፤ እግራቸውንም አወረዱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አለመጠየቅም ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ጤፍ ማጨድ ይሻላል።

ለገና ከተማው ሞላ። ከዋድላ፣ ከኮን፣ ከኩልመስክ በእግሩ የመጣ፣ ከሩቅ በመኪና የመጣ፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ። ክፍሎቼ ሞልተው በረንዳው ላይ ሳይቀር ሰው አስተኛሁ፤ በዚህ ጊዜ ተሸፍኖ የተኛውን ሁሉ ሬሳ ነው ብዬ አልጮህኩም። አባየ ለማኅሌቱ በዋዜማው ሲወጡ ያጠብኩላቸውን ልብስ አለበስኳቸው፤ ጥምጣማቸውን አስተካከልኩ። አፌ ላይ የነበረው ብዙ ነው። የመረጥኩት ግን ይኼን ነበር።

«የትም ቢቆሙ እኔ ከታች አያለሁ አባየ።»

ግንባሬን በመስቀላቸው ነክተው ሄዱ።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ከልጅቱ ጋር ወደ ቤተ ማርያም ግቢ ወረድን። ሕዝቡ ከሕዝቡ ላይ ነው። እየተገፋን፣ እየተረገጥን፣ እጇን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ግድግዳው ጥግ ደረስን። ከላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ካህናቱ ተሰልፈዋል። ነጭ በነጭ። ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው ጀምሯል። ዓይኔን ቶሎ ወደ አባየ ጥግ ወረወርኩ።

አባየ የሉም። በቦታቸው ሌላ መሪጌታ ቆመዋል፣ ረጅም፣ ጎልማሳ።

ወድቀዋል! ሲወጡ ዞሮባቸው ወድቀዋል፤ የሆነ ቦታ አስተኝተዋቸዋል፤ በነጭ ሸፍነዋቸዋል። ጉሮሮዬ ተከፈተ። ያ እስከ ገነተ ማርያም የሚሰማው ኡኡታ እዚህ፣ አንገቴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቱ እጄን ጨበጥ አደረገች። እኔም የምጮኸው ለምን እንደሆነ ልወቅ አልኩ። የማውቀው ነገር አለ? የለም። ያየሁት ነገር አለ? የለም። አፌን ገጠምኩ። ተነፈስኩ። ዓይኔን ከላይ አውርጄ ዙሪያዬን በቀስታ ማየት ጀመርኩ።

ከታቹ ወገን፣ ከሰዎቹ ወገን መካከል፣ ከድሮ ጥጋቸው ትክክል ሥር፣ አባየ ቆመዋል።

ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። መቋሚያውን አልተደገፉበትም፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። ወደ ላይ አንጋጠዋል። እየገፋሁ፣ ይቅርታ እያልኩ፣ እየተሰደብኩ ተጠጋሁ። አጠገባቸው ስደርስ ጢማቸው በእንባ ርሶ አየሁት። የኔ ነገር፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ አዝነው ነው የሚል ነበር። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባየ! ከልክለውዎት ነው?»

«ማን ይከለክለኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከላይ ሳያነሱ። «መውጣትስ እችል ነበር። ደረጃው ሥር ደርሼ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልወጣ ስል ለምን እንደምወጣ አጣሁት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።»

«ምን?»

በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። ፀሐይዋ ጠርዙን ነክታዋለች። ነጫጮቹ ከሰማዩ ሥር ባንድነት ወዲህ ያዘነብላሉ፣ ባንድነት ወዲያ።

«ዕድሜየን ሙሉ እዚያ ላይ ቆሜ ነበር እኮ ልጀ» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ አይቸው አላውቅም። ለካ እንዲህ ነው የሚያምረው!»

የምለው ብዙ ነበረኝ። አፌን ስከፍት አዩኝ፤ ሳቁ።

«እስቲ ዝም በይ፣ ልስማው» አሉ።

ዝም አልኩ። ክንዳቸውን ይዤ፣ ትከሻዬ ትከሻቸውን ነክቶ፣ አብረን ወደ ላይ አየን። የላዮቹ ዜማቸውን ጨረሱ። የታቹ ወገን ተራ ሲደርስ አባየ ክንዳቸውን ከእጄ በቀስታ አወጡ፣ መቋሚያቸውን ከትከሻቸው አነሱ፣ ወደ ላይ እያዩ መለሱላቸው።